ዘጠኝ ጋን ለቅዱስ ማትያስ

ዶሚቲላ ጋን ስትሠራ ጋኑን አታዞርም፤ ዟሪዋ እሷ ናት። ጋኑ መሬት ላይ ተደላድሎ ይቀመጣል፣ እሷ ደግሞ እንደ ገመድ የተድቦለቦለ ጭቃ ትከሻዋ ላይ አጋድማ፣ ጎንበስ ብላ፣ የኋሊት እየተራመደች ትዞረዋለች። በአንድ ዙር አንድ ድርብ። ክሩስ አልታ መንደር የተወለደች ሴት ሁሉ የምትሠራው እንዲህ ነው። አንድ ትልቅ ጋን ከቂጡ ተነሥቶ አንገት እስኪያወጣ የተሄደው መንገድ ቢደመር ላ ካምፓ ከተማ ያደርሳል፤ ያውም የኋሊት።

ምራቷ ኤርሊንዳ ግን ወደ ፊት ነበር የምትዞረው።

ኤርሊንዳ የዚያ መንደር ልጅ አይደለችም። የዶሚቲላ አንድ ልጅ ኦቢዲዮ ከቆላ ነው ያመጣት፣ ገመድ ከሚገመድበት፣ ጭቃ የሚነካ ፍጡር ቢኖር አሳማ ብቻ ከሆነበት አገር። የመጣች ሰሞን የሸክላ አፈርና የጓሮ አፈር መለየት አቅቷት፣ ዶሚቲላ "ልጄ አገር አቋርጦ ሄዶ ዓይነ ስውር አመጣልኝ" ብላ ለጎረቤት አወራች። ይህን ያለችው ልጅቱ እየሰማች ነው። ዶሚቲላ ሰው እንዳይሰማ ብላ ድምፅዋን ዝቅ የምታደርግ ሴት አልነበረችም።

"የኋሊት ዙሪ አልኩሽ እኮ፣ አንቺ ልጅ።"

"የኋሊት ስሄድ ራሴን ያዞረኛል፣ እማማ።"

"ወደ ፊት ከዞርሽ ጋኑ ይጣመማል።"

"ተጣመመ እንዴ?"

ዶሚቲላ ዓይኗን አጥብባ ጋኑን ከላይ እስከ ታች አየችው። አልተጣመመም።

"ገና ነው" አለች።

ሁለት ዓመት እንዲህ ኖሩ። ኦቢዲዮ ባሕር ዳርቻ ወርዶ የሙዝ እርሻ ላይ ይሠራል፤ የሚመጣው ለገናና ለቅዱስ ማትያስ ብቻ ነው። ስለዚህ ቤቱ ውስጥ ሁለቱ ሴቶች ተፋጠው ቀሩ። ኤርሊንዳ ወሬ አያልቅባትም። ከጭቃው ጋር ታወራለች፣ ከዶሮዋ ጋር ታወራለች፣ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው የማርያም ሥዕል ጋር እንኳ ስለ ገበያ ዋጋ ትጫወታለች። መጀመሪያ ላይ ዶሚቲላ ራሷን ያማት ነበር። በኋላ ግን ኤርሊንዳ ገበያ የምትሄድበት ቀን ሲመጣ ቤቱ ጭር ይልባትና ሥራ አልገፋ ይላታል። ምን እንደነካት ስታስበው አፈረች። መውደዷን በአፏ ተናግራ አታውቅም፤ ለልጇም ለባሏም ተናግራ አታውቅም፣ ለምራት ልትናገር ኖሯል? ይልቅ አንድ ጠዋት የእናቷን ማለስለሻ ድንጋይ፣ የገዛ እህቷን እንኳ ያላስነካችውን፣ ከሣጥን አውጥታ ኤርሊንዳ እጅ ላይ ጣል አደረገችው።

"እንዳትጥዪው" አለች።

ኤርሊንዳ ከቤት ወጥታ ግድግዳ ተደግፋ አለቀሰች። እናቷን ሳታውቅ አክስቷ ዘንድ ያደገች ልጅ ነበረች። ዶሚቲላ እንዳላየች ሆና ጭቃዋን አቦካች።

የሆነው ነገር እንዲገባችሁ ግን ያለፈውን ዓመት በዓል ማወቅ አለባችሁ። ለቅዱስ ማትያስ ሰው ሁሉ የሚጠጣው ቺቻ፣ የበቆሎው ጠላ፣ የሚቀርበው በክሩስ አልታ ጋን ነው። ዘጠኝ ትልልቅ ጋን። ዘጠኙን ያወጣች ሴት በበዓሉ ቀን ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ከሽማግሌዎቹ ጎን ትቀመጣለች፣ የመጀመሪያው ጽዋም ለእሷ ይቀዳል። ዶሚቲላ እዚያ ወንበር ላይ ሃያ ሦስት ዓመት ተቀምጣለች። አምና ግን ከዘጠኙ ሰባቱ እሳት ውስጥ ፈነዱ። አንዱ ፈንድቶ ሳያበቃ ሌላው ይከተላል፤ ድምፁ ሦስት መንደር ተሰማ። ቺቻው በፕላስቲክ በርሜል ቀረበ። ሰዉ "ጎማ ጎማ ይላል" እያለ ጠጣው፣ መጠጣቱን ግን አልተወም። "የዶሚቲላ እጅ ቀዘቀዘ" ተባለ። "እንግዲህ ትረፍ፣ ለሌላ ትልቀቅ" ያሉም ነበሩ፤ ይህን ካሉት ሁለቱን ክርስትና ያነሣቻቸው እሷ ናት።

እውነቱን እሷ ታውቀዋለች። ያለ ወቅቱ ሦስት ቀን ዘንቦ ነበር፤ ጋኖቹ ውስጣቸው ሳይደርቅ ቸኩላ እሳት አስገባቻቸው። ግን ይህን ማን ይናገራል? ሃያ ሦስት ዓመት ያን ወንበር የያዘች ሴት ወጥታ "ቸኮልኩ" ትላለች? ሌላ ምክንያት ፈለገች፣ አገኘችም። የዚያን ዕለት የአበልጇ የፊሎሜና የወንድም ልጅ ጨው ልትበደር መጥታ ካጥሩ በላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ ነበር፤ ሁለት ወር ቆይቶ የልጅቱ ሆድ ገፋ። በዚያ አገር ደግሞ ነፍሰ ጡር እሳት ላይ ያለ ሸክላ አታይም። የእሷ ሁለት ዓይን፣ የልጁ ሁለት ዓይን፣ አራት ሆኖ ሲያርፍበት ጋኑ አይችለውም ይባላል። "አራት ዓይን ነው የጨረሰኝ" አለች ዶሚቲላ። ሰዉም ከንፈሩን መጥጦ አመናት። ዓመቱን ሙሉ ደጋግማ ስለተናገረችው በመጨረሻ እሷም ራሷ አመነችው።

በዚህ መሐል ኤርሊንዳ አረገዘች።

ሆዷ እየገፋ ሲመጣ ጎንበስ ብሎ ጋን መዞሩ ከበዳት፤ ቢሆንም አልተወችም። "እኔና ጋኑ ሆድ ለሆድ ተገናኘን" እያለች ትስቃለች። በዓሉ አንድ ሳምንት ሲቀረው ዘጠኙም ጋን በጥላ ተቀምጦ ደርቆ ነበር። አራቱ የኤርሊንዳ እጅ ናቸው። ዶሚቲላ ከራሷ አምስቱ ጋር አስደግፋ ስታያቸው መለየት አቃታት። ይህን ደግሞ ለማንም አልተናገረችም።

እሳቱ የሚነድበት ቀን ጠዋት ኤርሊንዳ ወገቧን ይዛ ተነሣች። ስምንተኛ ወሯ ላይ ነበረች።

"እማማ፣ ወገቤን ያመኛል።"

"ሳምንቱን ሙሉ እንጨት ስትሸከሚ ከርመሽ ምን ሊያምሽ ነበር፣ ጥርስሽን?"

"እንደሱ አይደለም። ይመጣል፣ ይሄዳል።"

"አንድ ወር ይቀርሻል፣ ገና ነው። በይ ፊሎሜና ቤት ሂጂ፣ እሷ ታሽልሻለች። እሳቱ ሳይለኮስ ከዚህ መራቅ አለብሽ።"

ፊሎሜና የመንደሩ አዋላጅ ናት። ቤቷ ከጋራው ማዶ ነው፣ ለጤነኛ ሰው የግማሽ ሰዓት አቀበት። ከዚያ ሆኖ እሳቱም ጢሱም አይታይም፤ ዶሚቲላም የመረጠችው ለዚህ ነው።

"እዚሁ ጓዳ ልቀመጥ እንጂ" አለች ኤርሊንዳ። "ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። ሻሼንም ዓይኔ ላይ አስራለሁ።"

"አይሆንም።"

"እኔ አላይም፣ እማማ። ልጁ እንደሆነ ጨለማ ውስጥ ነው ያለው፣ ምን አይቶ ነው የሚሰብርብዎ?"

ዶሚቲላ ሳቋ መጣ። "እሺ በቃ፣ ተቀመጪ" ልትል ትንሽ ነበር የቀራት። ግን ያምናው ፍንዳታ ገና ከጆሮዋ አልወጣም። ሳቋን ዋጥ አደረገችው።

"ሂጂ ብያለሁ። ሲያልቅ ራሴ መጥቼ እወስድሻለሁ፣ እስከዚያ እንዳትመለሺ።"

ኤርሊንዳ ሁለት የበቆሎ ቂጣና ትንሽ አደንጓሬ በጨርቅ ቋጠረች። በሩ ላይ ቆም ብላ ጋኖቹን አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ገና እሳት ስላልነካቸው ይህ አይከለከልም። "የኔዎቹን ዳር ላይ አያድርጓቸው፣ ይበርዳቸዋል" አለችና ወገቧን በአንድ እጇ ደግፋ አቀበቱን ያዘች።

ዶሚቲላ ጋኖቹን በገል ላይ በጎናቸው አጋደመቻቸው። ከላይ ቅርፊትና የደረቀ ኩበት ደርባ፣ ዙሪያውን የጥድ እንጨት ከምራ ለኮሰችው። የኤርሊንዳን አራቱን መሐል ነበር ያደረገቻቸው። መጀመሪያ በቀስታ፣ ጋኑ እስኪለምደው፤ ከዚያ እየጠነከረ። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ እሳቱ ራሱን ችሎ ይጮኽ ነበር። እስካሁን አንድም ፍንዳታ የለም። ዶሚቲላ ትንፋሿን ይዛ፣ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው እየሮጠች እንጨት ትጨምራለች።

በወንዙ በኩል ባለው መንገድ ሰው ሲመጣ ቀና አለች። ፊሎሜና ናት።

"ብቻሽን አትወጪውም ብዬ መጣሁ፣ አበልጅ" አለች ፊሎሜና ላቧን እየጠረገች። "ዘንድሮ ደግሞ በፕላስቲክ ከጠጣን ሃይማኖቴን ነው የምቀይረው።"

ዶሚቲላ ክው አለች። "ኤርሊንዳን አላገኘሻትም?"

"ኤርሊንዳ? የት?"

"ጠዋት ወዳንቺ ልኬያታለሁ፣ በጋራው በኩል።"

"እኔ ከጠዋት ጀምሮ ወንዝ ወርጄ ልብስ ሳጥብ ነው የዋልኩት፣ ቤቱ ዝግ ነው።" የፊሎሜና ፊት ተለወጠ። "ስምንት ወሯ አይደል? ምን ብላ ሄደች? አሟታል?"

"ወገቤን ትላለች፣ እንጨት ተሸክማ ነው።"

"ልመለስ መሰለኝ።"

ዶሚቲላ እሳቱን አየች። ከባዱ ሰዓት ላይ ነው። በሁለቱም ጎን እኩል ካልተማገደለት አንዱ ወገን ይግላል፣ ሌላው ይበርዳል፣ ጋን የሚሰነጠቀውም ያኔ ነው። ብቻዋን አትችለውም። "በረንዳሽ ጥላ አለው፣ ቂጣም ይዛለች" አለች። "ትጠብቅ። ይቺን ሰዓት ብቻ አሳልፊኝና አብረን እንሄዳለን።" ፊሎሜና ትንሽ አመነታች፣ ከዚያ እንጨት ልታመጣ ወደ ጓሮ ዞረች።

ድምፁ የመጣው ያኔ ነው። ከጋራው ጫፍ፣ ከጥዶቹ በኩል፣ አንድ ጊዜ "እማማ" የሚል።

ዶሚቲላ ቀና አለች። ኤርሊንዳ ጫፉ ላይ ቆማለች፣ በአንድ እጇ ዛፍ ይዛ። ኩበቱ ነድዶ ስላለቀ፣ እዚያ ለቆመ ሰው ጢሱ ብቻ ሳይሆን ጋኖቹም ወለል ብለው ይታያሉ። ዶሚቲላ የታያት ይኸው ብቻ ነው፤ የልጅቱ ዓይን ጋኖቹ ላይ መሆኑ። ምን ፈልጋ እንደ መጣች፣ ለምን ዛፍ እንደ ያዘች አልጠየቀችም። ክንዷን ዘርግታ፣ ዶሮ እንደሚያባርር ሰው፣ ሂጂ፣ ወደ ማዶ ሂጂ አለቻት በእጇ። ኤርሊንዳ ጥቂት ቆየች። ከዚያ ዞረችና ከጫፉ ወዲያ ወረደች።

ፊሎሜና እንጨት ታቅፋ ስትመለስ "ሰው የተጣራ መሰለኝ" አለች።

"ፍየል ነው" አለች ዶሚቲላ።

ዘጠኙም ወጡ። እሳቱ በርዶ አመዱን ሲገፉት ዘጠኝ ቀይ ጋን ተኝቷል፣ አንድ ጭረት የለባቸውም። ሁለቱ ሴቶች እያንዳንዱን በጣታቸው መገጣጠሚያ አንኳኩተው ሰሙት፤ ሁሉም ጥርት ብሎ ጮኸ። ዶሚቲላ ሳቀች። ፊሎሜና እንዲህ ስትስቅ ካየቻት ዓመት አልፏታል። "እስቲ አሁን እጇ ቀዘቀዘ ይበሉኝ" አለች ዶሚቲላ፤ አንዱን ጋን እንደ ልጅ አቅፋ ሳመችው። ከዚያ አቀበቱን ተያያዙት። መንገዱን ሁሉ ዶሚቲላ በሆዷ የምታስበው አንድ ነገር ነበር፤ ያንቺዎቹ አራቱ ይበልጣሉ ልትላት፣ ወደ ፊትም ብትዞሪ ወደ ኋላ የፈለግሽውን ሁኚ ልትላት። በዚህች አንዲት ቀን መናገር አምሯት ነበር።

ያገኟት ፊሎሜና ቤት አይደለም። ከጫፉ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ከአንድ ጥድ ሥር ነው፣ ጀርባዋን ለጢሱ ሰጥታ ተቀምጣ። ሻሿን ዓይኗ ላይ አስራዋለች። ቀሚሷ በደም ርሷል። ቂጣ የቋጠረችበት ጨርቅ ጭኗ ላይ ነው፣ በውስጡም ልጁ።

"አንድ ጊዜ አልቅሶ ነበር" አለች፣ እግራቸውን ስትሰማ።

ፊሎሜና ዶሚቲላን ገፍታ ወደ ጎን ጣለቻትና ሥራዋን ጀመረች። እናቲቱን ለማዳን ሁለት ቀን ፈጀባት። ልጁን ግን ማንም አላዳነውም፤ ሲደርሱ ቀዝቅዞ ነበር። ወንድ ነበር። ፊሎሜና ለክርስትናው የሆነው ይሁን ብላ ግንባሩ ላይ ውሃ አፈሰሰችለት፣ በነጋታውም ከመቀበሩ በፊት መስቀሉ ላይ የሚጻፍ ስም ጠየቀች። ኤርሊንዳ ፊቷን አዞረች።

"ስሙን የምጠራበት አፍ የለኝም" አለች።

ያለ ስም ተቀበረ። የፊሎሜና ባል ከተማ ወርዶ በራዲዮ አስነገረ፤ "በሙዝ እርሻ ለሚገኘው ኦቢዲዮ፣ ቤተሰቦችህ በቶሎ ና ይሉሃል" የሚል። የክሩስ አልታ ሰው ሞቱንም ልደቱንም የሚሰማው በዚያ ራዲዮ ነው።

ዶሚቲላ ከኤርሊንዳ አልጋ ሥር አልተነሣችም። የዶሮ ሾርባ በማንኪያ እያጎረሰች፣ ፀጉሯን እያበጠረች፣ የሚመጣውን ስትጠብቅ ነበር። ትሰድበኛለች፣ ፊቴ ላይ ትተፋለች ብላ ጠበቀች። ያ ሁሉ ወሬ የሚፈልቅበት አፍ ግን ተዘግቷል። በሁለተኛው ቀን ነው የተከፈተው።

"እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ" አለች ኤርሊንዳ።

ዶሚቲላ የሰማችውን ማመን አቃታት። "ምኑን?"

"አየኋቸው። ላያቸው አልነበረም የመጣሁት። ሕመሙ ሲጠናብኝ፣ ፊሎሜናንም ሳጣት፣ ልጠራዎ ወጣሁ። ጫፉ ላይ ስደርስ ዓይኔ እዚያው ላይ አረፈ። ቀይ ሆነው፣ አምረው። እርስዎም ሂጂ አሉኝ። ጋኖቹ አልተሰበሩም። መሰበሩ ግን የሆነ ነገር ላይ መውደቅ ነበረበት፣ አይደል? ልጄ ላይ ወደቀ።"

ዶሚቲላ ማንኪያውን እንደያዘች ቀረች። ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት የሆነ ነገር ድንገት መጣባት። ኦቢዲዮን አርግዛ ዘጠነኛ ወሯ ገብቶ፣ ባሏ ቡና ለቀማ ሄዶ፣ የሚያግዛት ሰው ጠፍቶ ብቻዋን ጋን አቃጥላለች። እሳቱ ፊቷን እስኪለበልበው ቀርባ፣ ቀኑን ሙሉ አፍጥጣ ስታይ ነው የዋለችው። አንድም አልተሰነጠቀም። ይሉኝታ ይዟት ለማንም ሳትናገር ቀረች፣ ዓመታትም አልፈው ረሳችው። ወይም የረሳችው መሰላት። አሁን ይህን ብትናገር ልጅቱ በከንቱ መባረሯን ታውቃለች፤ አውቃም እዚህ ቤት አታድርም። ባትናገር ደግሞ ልጄን በዓይኔ ገደልኩት ብላ እስክትሞት ትሸከመዋለች።

"አይ ልጄ፣ የእግዜር ነገር ነው" አለችና ማንኪያውን አጎረሰቻት።

ያለችው ይህንን ብቻ ነው። ዶሚቲላን የሚወድ ሰው እንኳ ስለዚህች ቃል ሊሟገትላት አይችልም።

ኦቢዲዮ የደረሰው በበዓሉ ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ ነው። መቃብሩን አይቶ፣ ዓይኑ ቀልቶ ገባ። ዶሚቲላ ወጥ ቤት ሆና ባልና ሚስቱን ትሰማለች። ኤርሊንዳ ማንም ሳይጠይቃት ራሷ ነገረችው፣ ለዶሚቲላ የነገረቻትን ሁሉ።

"አየሽ?" አለ ኦቢዲዮ።

"አየሁ።"

"እማዬ እንዳታዪ አላለችሽም?"

"ብለውኛል።"

"ታዲያ ለምን አየሽ?"

ኦቢዲዮ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ልጁ የሞተበት ሰው ነው፤ ደግሞ ክሩስ አልታ ነው ያደገው፣ በዶሚቲላ ጭን ላይ፣ የዶሚቲላን ወሬ እየሰማ። ሰሌኑን ጠቅልሎ በረንዳ ላይ ወጣና ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ተቀመጠ። ከዚያ ዶሚቲላ የኤርሊንዳን ድምፅ ሰማች። ልቅሶ አይደለም። "ለምን አየሁ" ትላለች በቀስታ፤ እንደገና "ለምን አየሁ"።

ዶሚቲላ አንጀቷ አልቻለም። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ገባች።

"ኦቢዲዮ፣ ና ግባ፣ የምለው አለኝ።"

"እማዬ፣ ዛሬ ተይኝ በናትሽ።"

"ግባ ብዬሃለሁ።"

ገብቶ በሩን ተደግፎ ቆመ። ዶሚቲላ ወንበር ትታ መሐል ላይ ቆማለች። ሁለቱንም ማየት አቅቷት ወደ ማርያም ሥዕል ነበር የምታየው።

"አንተን አርግዤ ጋን አቃጥያለሁ" አለች። "ልትወለድ አንድ ቀን ሲቀርህ። ቀኑን ሙሉ እሳቱን ሳይ ነው የዋልኩት። አንድም አልተሰነጠቀም። አምና የፈነዱትም እርጥብ ስለነበሩ ነው። ቸኩዬ ነው፣ ከዚያ ደግሞ አፍሬ ነው በሰው ያሳበብኩት። የአራት ዓይን ነገር ውሸት መሆኑን አውቅ ነበር። ልጅሽን ዓይንሽ አልገደለውም፣ ኤርሊንዳ። እኔ ነኝ ምጥ ይዞሽ ጫካ የላክሁሽ።"

ኤርሊንዳ ቀስ ብላ ተነሥታ አልጋው ላይ ተቀመጠች።

"ስጠራሽ ሰምተሽኝ ነበር?" አለች። በሁለት ዓመት ውስጥ አንቺ ስትላት ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

"ሰምቼሻለሁ።"

"ዛፍ ይዤ አይተሽኛል?"

"አይቼሻለሁ።"

"ምጥ መሆኑን አላወቅሽም?"

እዚህ ላይ ዶሚቲላ አላወቅሁም ብትል ይታመንላት ነበር። "ማወቅ አልፈለግሁም" አለች። "ጋኖቹን ነበር የማየው።"

ኦቢዲዮ እንደቆመ ተንሸራቶ መሬት ላይ ተቀመጠ፣ ፊቱንም በሁለት እጁ ሸፈነ። ኤርሊንዳ ያኔ አለቀሰች። ልጁ ከሞተ ጀምሮ አንዲት እንባ አልወጣትም ነበር፤ አሁን ትከሻዋ እስኪርገፈገፍ አለቀሰች። ዶሚቲላ ልታቅፋት እጇን ዘረጋች። ኤርሊንዳ ሸሸች።

"ውጪልኝ" አለች። "ለኦቢዲዮ የምነግረው አለኝ። አንቺ እንድትሰሚው አልፈልግም።"

ዶሚቲላ ወጣች። ዘጠኙ ጋን ለነገው ተደርድረው ከቆሙበት ግቢ ቆመች። ከቤቱ የኤርሊንዳ ድምፅ ይሰማል፣ ዝቅ ያለ። ከዚያ ኦቢዲዮ አንዲት ቃል ደገማት፣ እንደሚጠይቅ ሰው። እንደገና ደገማት፣ ቀስ ብሎ፣ እንደሚቀምሳት። ከዚያ ሁለቱ አብረው ሲያለቅሱ ሰማች። የልጁ ስም መሆኑ ገባት። እናቱ አሁን አፍ አግኝታለች። ዶሚቲላ ጠጋ ብትል ቃሏን ትለያት ነበር። አልተጠጋችም፤ ይህች እንኳ የእነሱ ትሁን ብላ አልተጠጋችም።

በማግስቱ ማለዳ ባልና ሚስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ ባሕር ዳርቻ ሄዱ። ኦቢዲዮ እናቱን ግንባሯን ሳማት፣ ኤርሊንዳ ግን ወደ መኪናው ስትሄድ አልዞረችም። ቆይቶ ተሸካሚዎቹ እየዘፈኑ መጡ፣ ጋኖቹን እያንኳኩ "እንዲህ ያለ ሥራ ታይቶ አይታወቅም" እያሉ ዘጠኙንም ወሰዱ። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ወንበሯ እስከ ማታ ባዶ ዋለ። ሰዉ ታማ ይሆናል አለና ጠጣ።

ይህ ከሆነ አራት ዓመት አልፏል። ኦቢዲዮ አልፎ አልፎ መልእክት ይልካል፣ ብቻውንም ሁለት ጊዜ መጥቷል፤ ስለዚያች ቃል ግን እሷ አልጠየቀችውም፣ እሱም አልነገራትም። ዶሚቲላ እሑድ እሑድ ወደ መቃብሩ ትወጣለች። አረሙን ትነቅላለች፣ መስቀሉን ኖራ ትቀባለች፣ ከዚያ አጠገቡ ትቀመጥና አፏ ሊናገር ተከፍቶ ይዘጋል። አንድ ቀን ፊሎሜና አብራት ወጥታ ይህን አየች፣ አሳዘነቻትም።

"መልአኩ በዪው እንጂ፣ አበልጅ" አለች። "እንዲህ ሕፃን ሆነው የሄዱትን ሁሉም ሰው መልአኩ ነው የሚላቸው። ስም የለውም።"

"ስም አለው" አለች ዶሚቲላ። "የማላውቀው እኔ ነኝ።"